በመቀነት ላይ የተቀመጠው የዕድል አምላክ

ኪስ የሌለው ልብስ የለበሰ ሰው ገንዘቡን፣ ትንባሆውንና መድኃኒቱን በምን ይዞ ይሄዳል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጃፓን ሕዝብ ለዚህ ተራ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ በዓለም ዙሪያ እጅግ ከሚደነቁት የእጅ ጥበብ ሥራዎች አንዱን ለመፍጠር በቅቷል። የፈጠረውም ነገር ኔትሱኬ ይባላል።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን የምናወጋችሁ በመዳፍ ውስጥ ስለምትገባው ስለዚህች የእንጨት ቅርጽና በእርሷም ላይ ተቀርጾ ስለሚታየው ሳቂታ የዕድል አምላክ ነው። ቅርጿ ትንሽ ብትሆንም፣ በሚገባ የተሠራ ነገር በታማኝ እጅ ከተያዘ ስንት ዘመንና ስንት ጦርነት ሊሻገር እንደሚችል ታስተምራለች። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውሳለን።

በወገብ ላይ የምትውል መሣሪያ

ኪሞኖ የተባለው የጃፓኖች ባህላዊ ልብስ ኪስ የለውም። ቀለል ያለ ዕቃ በሰፊው እጅጌ ውስጥ ሊከተት ይችላል፤ ከበድ ያለው ግን እጅጌውን እየጎተተ ያስቸግራል። ስለዚህ የጥንቱ ጃፓናዊ የሚያስፈልገውን ዕቃ በትንሽ ከረጢት ወይም ሣጥን አድርጎ በገመድ ከወገቡ ላይ ያንጠለጥል ነበር። የሚታጠቀው ሰፊ መቀነት ኦቢ ይባላል። የገመዱ አንደኛው ጫፍ ከከረጢቱ ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ ከመቀነቱ ሥር አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። እንዲሁ ቢተው ገመዱ በከረጢቱ ክብደት ተስቦ መውደቁ አይቀርም። ይህን የሚከለክለው በላይኛው ጫፍ ላይ የታሰረው ኔትሱኬ ነው። ከመቀነቱ በላይ ተቀምጦ ገመዱ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ያግደዋል። እናቶቻችን ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው እንደሚይዙ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ጃፓኖቹ የጨመሩት፣ ቋጠሮውን ራሱን የጥበብ ሥራ ማድረጋቸው ነው።

በገመዱ የሚንጠለጠለው ዕቃ እንደ ሰዉ ይለያያል። አንዳንዱ የትንባሆ ከረጢትና ፒፓ፣ ሌላው የገንዘብ ቦርሳ ያንጠለጥላል። ሁለት ጎራዴ ታጥቆ የሚሄደው ሳሙራይ ደግሞ ኢንሮ የተባለውን፣ በርካታ ድርብ ያለውንና የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባውን ትንሽ የመድኃኒት ሣጥን ከዚያው መቀነት ላይ ያንጠለጥል ነበር። በሣጥኑና በኔትሱኬው መካከል ገመዱን የሚያጠብቅ ኦጂሜ የተባለ ዶቃ ይገኛል።

ኔትሱኬ ለሥራ የተፈጠረ ዕቃ እንደመሆኑ ቅርጹን የሚወስነው ሥራው ነው። ቁመቱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ነው። ልብስ የሚቀድ፣ ክር የሚስብ ወይም ሲጋጭ የሚሰበር ሹል ነገር ሊኖረው አይገባም። ስለዚህ ቀራጩ የሰውየውን ክንድ ከደረቱ፣ የእንስሳውን ጅራት ከጎኑ ጋር አጣብቆ ይቀርጻል። በጀርባው ወይም በሥሩ ሁለት ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ በብዙዎቹም ዘንድ አንደኛው ቀዳዳ ሰፋ ይላል፤ የገመዱ ቋጠሮ ገብቶ የሚደበቀው በእርሱ ውስጥ ነው። ክብደቱም ተመጣጥኖ መሠራት አለበት፤ አለበለዚያ ገመዱ በሳበው ጊዜ ፊቱ ወደ ልብሱ ይዞርና የተደከመበት ቅርጽ ሳይታይ ይቀራል።

እንጨቱና ቀራጩ

ኔትሱኬ በሰፊው የተስፋፋው ከ1603 እስከ 1868 በቆየው በኤዶ ዘመን ነው። ይህ ዘመን ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ አገሪቱ ጸጥታ ያገኘችበት፣ ከተሞች ያደጉበት፣ የትንባሆ ልማድም የተስፋፋበት ጊዜ ነበር። ነጋዴው በማኅበራዊ ደረጃ ከሳሙራዩና ከገበሬው በታች ቢቆጠርም ገንዘብ በእጁ ይገባ ጀመር። መንግሥት ግን ማን ምን ዓይነት ልብስ መልበስ እንደሚችል በዐዋጅ ይወስን ስለነበር ሀብታም ነጋዴ እንደ ልቡ ማጌጥ አይችልም። በወገቡ ላይ የምትውለው ትንሽ ቅርጽ ግን ብዙም ዓይን የማትስብ በመሆኗ፣ ጥሩ ነገር የመውደድ ፍላጎቱን በእርሷ ይወጣ ነበር።

ለኔትሱኬ ሥራ የዝሆን ጥርስ፣ የአጋዘን ቀንድና የከርከሮ ክራንቻ ቢያገለግሉም፣ እንጨት ከሁሉ ይበልጥ ለእጅ የሚስማማ ነው። ጃፓኖች «ጹጌ» የሚሉት፣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ሰርጎ የጠጠረ እንጨት በተለይ ይመረጣል። ይህ እንጨት ጠንካራና ደቃቅ በመሆኑ የቅንድብን ፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ቢቀረጽበትም አይፈረፈርም። ቀራጩ በመጀመሪያ ግንዱን በመጋዝና በቢላ ጠርቦ አጠቃላይ ቅርጹን ያወጣል። ቀጥሎም በጥቃቅን መሮዎች ዓይኑን፣ ጣቱንና የልብሱን እጥፋት ይለያል። በመጨረሻም ሸካራነት ባላቸው ተክሎች ደጋግሞ አሽቶ ያለሰልሰዋል፤ ቀለምም ይሰጠዋል።

በ1781 በኦሳካ ከተማ «ሶኬን ኪሾ» የተባለ የጎራዴ ጌጣጌጥን የሚመለከት መጽሐፍ ታትሞ ነበር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከ50 የሚበልጡ የኔትሱኬ ቀራጮች ስም ሰፍሮ ይገኛል። ከእነርሱም መካከል በቀለም ባጌጠ የጥድ ዓይነት እንጨት የታወቀው የኦሳካው ሹዛንና በሬ በመቅረጽ የተመሰገነው የኪዮቶው ቶሞታዳ ይገኛሉ። የቶሞታዳ በሬዎች ገና በዚያን ጊዜ በአስመሳዮች ይቀዱ እንደነበር ያው መጽሐፍ ይመሰክራል።

ሰባቱ የዕድል አማልክት

ቀራጮቹ ያልቀረጹት ነገር የለም። አይጥ፣ ነብር፣ እንቁራሪት፣ የደረቀ ዓሣ፣ በርሜል የሚጠግን ሠራተኛ፣ የሚያዛጋ መነኩሴ፣ ሁሉም በእንጨት ላይ ወጥተዋል። ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ዘንድ ከተወደዱት ቅርጾች መካከል ግን «ሺቺፉኩጂን» የተባሉት ሰባቱ የዕድል አማልክት ይገኙበታል።

ሰባቱ ከአንድ አገር የመጡ አይደሉም። የጃፓን ተወላጅ ነው የሚባለው የዓሣ አጥማጆችና የነጋዴዎች ጠባቂ ኤቢሱ ብቻ ነው፤ እርሱም መቃጥንና ትልቅ ቀይ ዓሣ ይዞ ይታያል። የእንጨት መዶሻ ጨብጦ በሩዝ ጆንያ ላይ የሚቆመው ዳይኮኩ፣ ክራር መሰል መሣሪያ የምትመታው ቤንዛይቴንና የጦር ልብስ የለበሰው ቢሻሞን ሥራቸው ከሕንድ ነው። ቤንዛይቴን ከሰባቱ መካከል ብቸኛዋ ሴት ናት። ጁሮጂንና ራሱ እጅግ ረጅም የሆነው ፉኩሮኩጁ ከቻይና የመጡ የረጅም ዕድሜ ሰጪዎች ናቸው። ሰባተኛውም ሆቴይ የመጣው ከቻይና ነው።

ለሠራዊት አባላት ቢሻሞን ልዩ ትኩረት የሚስብ ነው። ከ1530 እስከ 1578 የኖረው ስመ ጥሩው የጦር መሪ ኡኤሱጊ ኬንሺን የዚህ አምላክ ጽኑ አማኝ ስለነበር፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በጦር ሰንደቅ ዓላማው ላይ አስጽፎ ይዘምት ነበር። ሰባቱም በአንድነት የሚታዩት ሀብት በተጫነ መርከብ ላይ ነው። በአዲስ ዓመት መባቻ የዚህን መርከብ ሥዕል ከትራስ ሥር አድርጎ መተኛት መልካም ሕልም ያሳያል ተብሎ ይታመን ነበር።

ከረጢት ብቻ የነበረው ሰው

ከሰባቱ መካከል ለኔትሱኬ እንደ ሆቴይ የተስማማ የለም። ሆቴይ በትውፊት ብቻ የሚታወቅ ፍጡር አይደለም። በዛሬዋ የቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ፌንግኋ በተባለው ስፍራ በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በሞተ አንድ ተቅበዝባዥ መነኩሴ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ መነኩሴ ቤትም ሆነ ምንጣፍ አልነበረውም። የነበረው አንድ ትልቅ የጨርቅ ከረጢት ነው። ሰው የሰጠውን ሁሉ በዚያ ይከታል፤ ከዚያም አውጥቶ ለሌላው ይሰጣል። የሆቴይ ትርጉም ራሱ «የጨርቅ ከረጢት» ማለት ነው። በበረዶ ላይ ተኝቶ ልብሱ የማይረጥብ፣ የተጫማውን ጫማ አይተው ሰዎች ዝናብ ወይም ድርቅ መምጣቱን የሚያውቁለት እንደነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል። ብዙ ሰዎች ይህን ሆዳም ሳቂታ ሰው ከቡድሃ ሃይማኖት መሥራች ጋር ያደናግሩታል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። መሥራቹ በሕንድ የኖረው፣ ከእርሱ ከ1,000 ዓመት በላይ የሚቀድመው ጎታማ ነው።

ቀራጮች ሆቴይን ሲቀርጹ እንደ ሩቅ አምላክ አይመለከቱትም። አንዱ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሲንጠራራ ይቀርጸዋል። ሌላው ሕፃናት በትከሻውና በሆዱ ላይ ሲወጡበት ያሳየዋል። ሦስተኛው ደግሞ ሆቴይን ከነመላ አካሉ በራሱ ከረጢት ውስጥ ይከተውና ሳቂታ ፊቱን ብቻ ብቅ ያደርገዋል። የሆዱ ክብነት ለመዳፍ ይመቻል፤ ከረጢቱም በጀርባው ለሚበሱት ቀዳዳዎች ስፍራ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በመቀነት ላይ የተቀመጠው ሆቴይ የሚይዘው የባለቤቱን ከረጢት ነው። ከረጢት ብቻ የነበረው ሰው የሌላውን ሰው ከረጢት ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን ኔትሱኬ በወገቡ ያደረገ ነጋዴ ወይም አናጢ ሀብት ሊመኝ ይችላል፤ እጁ በየቀኑ የሚዳስሰው ግን ባለው የሚስቅ፣ ያለውንም የሚያካፍል ሰው ነው።

ኪስ የመጣ ዕለት

በ1868 የሜጂ መንግሥት ሲቋቋም የጃፓን ኑሮ በፍጥነት መለወጥ ጀመረ። በ1873 የግዴታ ውትድርና ታወጀ፤ ወታደሩም በአውሮፓ ዓይነት የተሰፋ የደንብ ልብስ ለበሰ። በ1876 ደግሞ ከመኮንኖች፣ ከፖሊሶችና ከጥቂት ሹማምንት በቀር ጎራዴ ታጥቆ መሄድ ተከለከለ። ቢሮ የሚሠራው ሰው ኮትና ሱሪ ለበሰ፤ በከረጢት ትንባሆና በፒፓ ፈንታም ሲጋራ መጣ። ኮትና ሱሪ ኪስ አላቸው፤ ኪስ ያለው ሰው ኔትሱኬ አያስፈልገውም። ለ200 ዓመታት ያህል የሠራ መሣሪያ በአንድ ትውልድ ዘመን ሥራ ፈታ።

ሥራ የፈታ ዕቃ ዋጋው ይወድቃል። ከአባት ለልጅ ይተላለፉ የነበሩ ቅርጾች በርካሽ ዋጋ ለውጭ ነጋዴዎች ተሸጡ፤ በሣጥን በሣጥን ሆነውም ወደ ፓሪስ፣ ወደ ለንደንና ወደ ቦስተን ተጫኑ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ አዲሱን ለመያዝ የተዘረጋው እጅ አሮጌውን ለቀቀ። ዛሬ በለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ብቻ ከ2,000 በላይ ኔትሱኬዎች አሉት። በጃፓንም ቢሆን ቁጭቱ አልቀረም፤ በ2007 በኪዮቶ ከተማ በአንድ የጥንት ሳሙራይ ቤት ውስጥ ለኔትሱኬ ብቻ የሚያገለግል ሙዚየም ተከፍቷል።

በሽርጥ ኪስ የተረፉት 264

በዚያን ጊዜ ከጃፓን ከወጡት ስብስቦች መካከል የአንዱ ታሪክ ለማንኛውም ቤተሰብ የሚነገር ነው። በ1870ዎቹ ሻርል ኤፍሩሲ የተባለ በፓሪስ የሚኖር የሥነ ጥበብ ሊቅ 264 ኔትሱኬዎችን በአንድ ጊዜ ገዛ። የኤፍሩሲ ቤተሰብ ከኦዴሳ የተነሣ፣ በእህል ንግድና በባንክ ሥራ የበለጸገ የአይሁድ ቤተሰብ ነበር። ሻርል በ1899 ስብስቡን በሙሉ በቪየና ለሚኖረው ለአጎቱ ልጅ ለቪክቶርና ለሙሽራይቱ ለኤሚ የሠርግ ስጦታ አድርጎ ላከው። በታላቁ ቤተ መንግሥት መሰል ቤታቸው ውስጥ ኔትሱኬዎቹ የተቀመጡት በወይዘሮ ኤሚ የልብስ መልበሻ ክፍል ነበር። እናታቸው ለግብዣ ስትለባብስ ልጆቹ ቅርጾቹን ከመስታወት ሣጥኑ እያወጡ ይጫወቱባቸው ነበር።

በመጋቢት 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ያዘ። የቤተሰቡ ቤት ተወረረ፤ ሥዕሉ፣ መጽሐፉ፣ የብር ዕቃው ሁሉ እየተመዘገበ ተወሰደ። ወይዘሮ ኤሚ በዚያው ዓመት በስደት ላይ ሞተች። ቪክቶር በ1939 ወደ እንግሊዝ አገር ተሰዶ በ1945 በዚያው ዐረፈ።

አና የተባለች የቤት ሠራተኛ ግን ከቤቱ አልወጣችም ነበር። ወራሪዎቹ የአሠሪዎቿን ንብረት በመሰብሰብና በማሸግ ሥራ እንድትረዳ አዘዟት። የቤተሰቡ ታሪክ እንደሚናገረው፣ አና በኤሚ ክፍል በኩል ባለፈች ቁጥር ሦስት አራት ኔትሱኬዎችን በሽርጧ ኪስ እየከተተች ወደ መኝታ ቤቷ ታወጣ ጀመር። በፍራሿም ውስጥ ደበቀቻቸው። ትልልቁን ሥዕልና የብር ዕቃ ለማዳን አቅም አልነበራትም፤ ቢሆንም በኪስ የሚገባው በእጇ ነበረ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በላያቸው ላይ ተኛች። ብትያዝ ኖሮ የሚደርስባትን ቅጣት መገመት አያዳግትም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የቤተሰቡ ልጅ ኤሊዛቤት ወደ ቪየና ስትመለስ አና ከ264ቱ አንድም ሳታጎድል አስረከበቻት። ኤሊዛቤት በአንድ ትንሽ ቦርሳ ይዛቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለው ወንድሟ ኢጊ በ1947 ወደ ቶኪዮ ለሥራ ሲሄድ አብሮ ወሰዳቸው። በዚህ ሁኔታ ቅርጾቹ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ተወለዱበት አገር ተመለሱ። ኢጊ በ1994 ሲሞት ወራሽ የሆነው የኤሊዛቤት የልጅ ልጅ፣ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ኤድመንድ ደ ዋል ነው። እርሱም ታሪኩን በ2010 ባሳተመውና ከኔትሱኬዎቹ መካከል በአንዲት የዐምበር ዓይን ባላት ጥንቸል ስም በሰየመው መጽሐፍ አስታወቀ። በ2018 ከስብስቡ 79ኙን ለስደተኞች መርጃ አሸጠ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹን ለቪየና የአይሁድ ሙዚየም በረጅም ጊዜ ውሰት ሰጠ።

ቤተሰቡ ሀብቱንና ታላቁን ቤት አጥቷል። ለልጅ ልጁ የደረሰለት አንዲት ሠራተኛ በሽርጧ የያዘችው ነው። የአናን የአባት ስም እንኳ መጽሐፉ ሊመዘግበው አልቻለም።

ጥንታዊውን ከአስመሳዩ ለመለየት

ኔትሱኬ በዛሬው ጊዜ በውድ ዋጋ የሚሸጥ በመሆኑ አስመሳዩም በዝቷል። ጥንታዊ የእንጨት ኔትሱኬ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ሊመለከት የሚገባው የእጅ ምልክትን ነው። ለብዙ ዓመታት በወገብ የዋለ ሆቴይ ከፍ ያሉት ክፍሎች፣ ማለትም ሆዱ፣ አፍንጫውና ጉልበቱ ለስልሰው ያብረቀርቃሉ፤ በልብሱ እጥፋት ውስጥ ግን ጠቆር ያለው የጥንት ቀለም ይቀራል። ሁሉም ቦታ እኩል ያረጀ የሚመስል ዕቃ ሆን ተብሎ የተጠቆረ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ በገመድ የተበላ መሆኑ ይታይ። ሦስተኛ፣ ቅርጹ የሚጋጭ ሹል ነገር ካለው ለመታጠቅ ሳይሆን ለመደርደሪያ የተሠራ መሆኑን ይጠቁማል። አራተኛ፣ ከቅርጽ ማውጫ የወጣ የፕላስቲክ ዓይነት ሥራ የመጋጠሚያ መስመር አይጠፋበትም። በሥሩ የተጻፈው የቀራጭ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የታላላቆቹ ስም ከጥንት ጀምሮ ይሰረቅ ነበርና።

ከዝሆን ጥርስ የተሠራውን በተመለከተ ጥንቃቄው የበለጠ ነው። በ1989 የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ በብዙ አገሮች ስምምነት ተወስኗል። በዚያው ዓመት የጎረቤታችን የኬንያ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ አቃጥለዋል። የአፍሪካ ዝሆን ለጌጥ የከፈለው ዋጋ እጅግ ከባድ ነበር። የእንጨቱ ሆቴይ ግን ማንንም ሳይገድል ይስቃል።

በእጅ ያለው

የጃፓኑ የእንጨት ቅርጽ ዕድል ያመጣ እንደሆነ የሚያምን ይመን፤ የማያምነውም አይገደድ። በታሪኩ ውስጥ በግልጽ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ኔትሱኬ ትንሽ ሆኖ የተሠራው ለሥራው እንዲመች ነው። ያ ትንሽነት በኪስ እንዲገባ፣ በፍራሽ እንዲደበቅ፣ በአንድ ቦርሳ ባሕር እንዲሻገር አስችሎታል። ጠንክሮ መሠራቱ ደግሞ የልጅ ጨዋታንና የጦርነት ዓመታትን እንዲችል አደረገው። የቀረውን የፈጸመችው የአና እጅ ናት።

ከአንድ የጦር ሠፈር ወደ ሌላው የሚዛወር ቤተሰብ ይህን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ጓዝ በታሰረ ቁጥር ቁም ሣጥኑ ይሸጣል፣ አልጋው ይቀራል። ከአያት የወረደው ማተብ፣ የሠርጉ ዕለት ፎቶግራፍ፣ ባል ከግዳጅ ላይ የጻፈው ደብዳቤ ግን በእናት መቀነት ወይም በአባት ደረት ኪስ ተይዞ ይጓዛል። ልጆች ከፍ ብለው ታሪካቸውን ሲጠይቁ የሚታያቸው ይኸው ነው። እንግዲህ ይህች ትንሽ ዕቃ በቤታችሁ የት እንደተቀመጠች፣ ማን እንደሰጣት፣ ስለምን እንደተጠበቀች ለልጆቻችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው። የአናን የአባት ስም መጽሐፉ አልያዘም፤ የእናንተን ግን ልጆቻችሁ ይወቁት።